አዲስ ጥርስ፣ ትኩስ ባጅያ

አቶ ሉልሰገድ አዲሱን ጥርሳቸውን ባስገጠሙ በሳምንቱ፣ ጠዋት የቀረበላቸውን ገንፎ አጋምሰው ማንኪያውን አስቀመጡና "በቃ" አሉ። ልጃቸው ጸሎት ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሥራ ልትወጣ ስለነበር፣ ጠገብኩ ያሉ መስሏት ጉንጫቸውን ስማ ሄደች። እሳቸው ግን በቃ ያሉት ገንፎን ነው። ገንፎን፣ ሾርባን፣ ፍትፍትን፣ በሻይ የራሰ ዳቦን፣ በጠቅላላው ሳይታኘክ የሚዋጥ ነገርን ሁሉ።

አቶ ሉልሰገድ በዘመናቸው ፒያሳ ውስጥ ጫማ ሻጭ ነበሩ። "ጠበበኝ" ላለ ደንበኛ "ጫማውስ ልኩ ነው፤ እርስዎ እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉት" ብለው፣ አስቀው የሚሸጡ ሰው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ጥርሳቸው አንድ በአንድ እየለቀቀ ሄደ፤ ከጥርሱም ጋር ጨዋታው ሄደ። ሲስቁ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው መሳብ፣ ሰላም ላላቸው ሰው ራሳቸውን ብቻ ነቅንቀው ማለፍ ጀመሩ። ጸሎት ስትለምን፣ ስትቆጣ ኖራ ዘንድሮ በስንት መከራ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸውና፣ ከላይም ከታችም ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው። ሐኪሟ ድዳቸው እስኪለምደው ድረስ ለስላሳ ለስላሳውን ብቻ እንዲበሉ ደጋግማ አስጠነቀቀቻቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። እሺ ያሉት ግን ከዚያ ወንበር ቶሎ ለመነሣት ነበር።

ያማራቸው ደግሞ ሌላ ሳይሆን ባጅያ ነው። ውቤ በረሃ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ፣ ከእሳቸው ቤት ፊት ለፊት ወይዘሮ ለተክርስቶስ የሚባሉ ጎረቤት አሉ። ትውልዳቸው አዲግራት ነው፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ባቡር ላይ ይሠሩ ስለነበር ብዙ ዘመን ድሬዳዋ ኖረዋል፤ ባጅያም የተማሩት እዚያ ነው። ሌላው ሰው ከባቄላ ይሠራዋል። እሳቸው ግን ካሮቱንና ድንቹን ፈቅፍቀው፣ ጥቅል ጎመኑንና ሽንኩርቱን በቀጭኑ ከትፈው፣ ቃሪያ ጣል ያደርጉበትና በሽምብራ ዱቄት ለውሰው፣ እየቆነጠሩ ዘይት ውስጥ ይጥሉታል። በጾም ቀን ጠብሰው ሲበሉ ቀርጨም ቀርጨም የሚለው ድምፅ አቶ ሉልሰገድ መስኮት ድረስ ይመጣል።

ታዲያ ሄደው "እስቲ ያቅምሱኝ" እንዳይሉ፣ ሁለቱ አይነጋገሩም። አምና በፍልሰታ ወይዘሮ ለተክርስቶስ በየቤቱ ባጅያ ሲያዳርሱ ለእሳቸውም በሰሃን ይዘው መጥተው ነበር። ጸሎት ቤት አልነበረችም። አቶ ሉልሰገድ ያን ነገር በባዶ ድድ ሊበሉት አይችሉም፤ ጥርስ የለኝም ብሎ መናገር ደግሞ ሞት ሆነባቸው። ስለዚህ አፋቸውን በጋቢ እንደሸፈኑ "አልፈልግም" አሉና በሩን መለሱት። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ከነሰሃናቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ለጸሎት ብቻ ሆነ፤ ለጎረቤት ማዳረሱንም እርግፍ አድርገው ተዉት።

እንግዲህ አቶ ሉልሰገድ ራሳቸው ሊሠሩ ቆረጡ። እንቁላል እንኳ ቀቅለው አያውቁም፤ ግን ጎረቤታቸው ደጃፍ ላይ ሲጠብሱ ስንት ጊዜ በመስኮት አይተዋል፣ ምን ይከብዳል? ከጉሊት አትክልቱን ገዝተው መጡ። ካሮቱን ፈቀፈቁ፣ ጎመኑን ከተፉ፣ ጨው ነሰነሱበትና የሬዲዮው ዜና እስኪያልቅ አረፍ አሉ። ሲመለሱ ጎድጓዳው ሰሃን ውሃ አቁሯል። የጎመኑ በረከት ነው ብለው የሽምብራ ዱቄቱን ውሃው ላይ ገለበጡበት። ቀጠነ፤ ዱቄት ጨመሩ። ወፈረ፤ ውሃ ጨመሩ። ሲያወፍሩና ሲያቀጥኑ ለአንድ ሰው የተጀመረው ሊጥ ለሠርግ የሚበቃ ሆነ። ከዚያ ዘይቱ ገና ለብ ሳይል ሊጡን በጭልፋ እየጠለቁ መጥበሻውን ሞሉት። ሊጡ አልተንጫጫም፤ እንደ አዲስ እንግዳ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አቶ ሉልሰገድ ትዕግሥታቸው አለቀና ምድጃውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

ወይዘሮ ለተክርስቶስ ውጭ ልብስ እያሰጡ ነበር። ከፊት ለፊቱ መስኮት ጥቁር ጭስ ሲወጣ አዩ። ጸሎት ሥራ እንደሄደች ያውቃሉ። ቂማቸውን እዚያው ገመዱ ላይ ትተው፣ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥለው ሮጡ።

"ጋሼ ሉልሰገድ፣ ምንድን ነው የሚቃጠለው?"

ምንም የሚቃጠል ነገር እንደሌለ፣ ምግብ እየሠሩ እንደሆነ አቶ ሉልሰገድ በጭሱ ውስጥ እየሳሉ አስረዱ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ምድጃውን አጠፉ። መጥበሻውን አዩ፣ የተረፈውን ሊጥ አዩ፣ ካሮቱንና ጎመኑን ሲያዩ ምን ሊሠራ እንደታሰበ ገባቸው። ቤት የገባን ሰው ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር ነውና፣ አቶ ሉልሰገድ እምብዛም ያልከሰለውን መርጠው በሰሃን አቀረቡላቸው።

"መጀመሪያ የሚቀምሰው የሠራው ነው" አሉ ወይዘሮ ለተክርስቶስ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

አቶ ሉልሰገድ ነከሱ። ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ሙጫ ነው። ወደ ፊት አልታኘክ፣ ወደ ኋላ አልለቅ አላቸው። ለማላቀቅ ሳብ ሲያደርጉት የላይኛው ጥርሳቸው ከነባጅያው ወጥቶ እጃቸው ላይ ቀረ።

ቶሎ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ባልዲውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

"አምና ሰሃኔን የመለሱት ለዚህ ነበር?" አሉ ወይዘሮ ለተክርስቶስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አቶ ሉልሰገድ ጀርባቸውን እንደሰጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ እኮ እጄን ተጸይፈው መሰለኝ።"

ከዚያ ሳይቆጡ ነገሯቸው። ምናልባት ዘይቱ ሸቶ ይሆናል ብለው ዘይት እንደቀየሩ፣ መጥበሻውን በአሸዋ እንደፈተጉ፣ በመጨረሻም ሌላውም ሰው በይሉኝታ ነው የሚቀበለኝ ብለው ማዳረሱን እንደተዉ። አቶ ሉልሰገድ ይህን ሲሰሙ የጥርሳቸውን ሐፍረት ረሱት። ዞር ብለው ይቅርታ ሊሉ ቢሞክሩ ከአፋቸው የወጣው "ይቅይታ" የሚል ነገር ሆነ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ሊይዙ ታገሉ። አቶ ሉልሰገድ እጃቸው ላይ ያለውን ጥርስ አዩት፤ ባጅያውን ግጥም አድርጎ እንደነከሰ ነው።

"እኔ ብተወውም እሱ አልተወውም" አሉ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ለተክርስቶስ በርጩማው ላይ ዘጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አቶ ሉልሰገድም አብረው ሳቁ፤ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነበር፣ ወደ አፋቸው ሊስቡት ትዝ አላላቸውም።

ጥርሱ ታጥቦ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያውን ሊጥ ወይዘሮ ለተክርስቶስ አልደፉትም፤ ቂጣ አድርገው ጋገሩት። የቀረውን አትክልት ከትፈው ጨው ነሰነሱበትና ውሃ ሲያወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ለአቶ ሉልሰገድ ሰጧቸው፤ ጠብታ እስኪጠፋ ጭምቅ አድርገው እንዲያወጡት አዘዙ። ዱቄቱ አትክልቱን ለማያያዝ ያህል ብቻ ገባ፤ ቀዝቃዛ ውሃም በእጅ ረጨት ረጨት ተደረገበት። ዘይቱ ውስጥ ቅንጣት ሊጥ ጣሉና፣ እየተንጫጫች ወደ ላይ ስትወጣ ነው መጥበስ የጀመሩት፤ ያውም ጥቂት በጥቂት። የወጣውን አቶ ሉልሰገድ እንዳይበርድ ሊከድኑት ሲሉ እጃቸውን ያዟቸው። ከተከደነ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፤ ወንፊት ላይ ተበትኖ ይንፈስበት አሉ።

አቶ ሉልሰገድ አንዱን አነሡ። እንደ ሐኪሟ ምክር ሳይሆን እንደ ልባቸው፣ በጎን በኩል አስገብተው ነከሱት። ቀርጨም አለ። ጥርሱም በቦታው ጸና። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አኘኩና ወዲያው ሁለተኛውን አነሡ።

ሽታው የግቢውን ሰው አንድ ሁለት እያለ ሰበሰበው። ጸሎት ከሥራ ስትመለስ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የጫማ ቤት ወሬ ያወራሉ፣ ጎረቤቱ ይስቃል፣ ወይዘሮ ለተክርስቶስም ከጎናቸው ናቸው። እዚያው ቆማ ቀረች። ከዚያ የሐኪሟን ምክር አነሣች።

"አባዬ፣ ለስላሳ ብላ አልተባልክም?"

"ለስላሳውንማ ሞክሬው ነበር፤ ጥርሴን ቀማኝ" አሏት።

ወንፊቱ ላይ አንድ ባጅያ ቀርታ ነበር። አቶ ሉልሰገድ ለወይዘሮ ለተክርስቶስ አቀረቡላቸው፤ እሳቸው እርስዎ ይብሉ አሉ፤ የለም እርስዎ፣ የለም እርስዎ ሲባባሉ ጸሎት እጇን ሰደድ አድርጋ አነሣቻትና እየቆረጠመች ወደ ውስጥ ገባች። ወዲያው ድምፅዋ ከወጥ ቤት መጣ፤ ግድግዳውን ያጠቆረው ማን እንደሆነ ትጠይቃለች። ሁለቱ አዛውንቶች ተያዩና ሳቃቸው መጣ።