በብርቅነሽ የተላከከው እድፍ

መሸሻ ብርቅነሽን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ፤ የባዳ ክህደት ማንንም አይገርምም።

የብርቅነሽ አባት ታረቀኝ ሸማኔ ነው። መንግሥት የሽሮ ሜዳን ሸማኔ በማኅበር ካደራጀ ወዲህ ከመሸሻ ጋር እግራቸውን ከትተው የሚሸምኑበት ጉድጓዳቸው ጎን ለጎን ነው፤ ምሳቸውም አንድ ላይ። ብርቅነሽ ሰባት ዓመቷ ነው። ምጡ በዝቶ ታፍና ስለተወለደች አንገቷም አፏም አልጠና አለ፤ ለሃጯ ቀን ሙሉ ይዝረበረባል። አገጯ ሥር ከመርጠብ ብዛት ቆስሏል። እናቷ ደሳለች ክር ፋብሪካ ትውላለች፤ ልጅቷን ደግሞ ጎረቤት ይጸየፋታል። ስለዚህ ታረቀኝ ሥራ ቦታ ይዟት ይውላል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለሃጩን በደረቅ ጨርቅ ዳበስ ዳበስ እንዲያደርገው እንጂ እንዳይፈገፍገው፣ ቫዝሊን እንዲቀባት፣ ቀና አድርጎ አስቀምጦ ምራቋን እንድትውጥ እንዲያስታውሳት ነግራዋለች። ታረቀኝ የራሱን ዘዴ ጨመረበት። መወርወሪያው ውስጥ ያለው ማግ አልቆ ክር የተጠቀለለበትን ቀሰም በቀየረ ቁጥር፣ «ብርቅዬ፣ ግጠሚ! ዋጪ!» ይላል። ክረምቱ ሳይወጣ ልጅቷ ገና ቀሰም ሲነሳ እያየች ከንፈሯን መግጠም ጀመረች። የአገጯም ቁስል ደረቀ።

«ይቺ ልጅ ከሊቀመንበራችን ይልቅ ሰዓት ታከብራለች!» ይል ነበር መሸሻ እየሳቀ።

ለአብዮት በዓል እንግዶች የሚሰጠውን ጋቢ የሚሠራው መሸሻ ነበር። አንድ ቀን ከጉድጓዱ መውጣት ሰልችቶት እዚያው ሲበላ ጋቢው ላይ ወጥ ጠብ አለበት።

«ታሬ፣ አለቀልኝ!»

ታረቀኝ ዘሎ ወጣ። የብርቅነሽን ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ አሸለት። ቅባቱ ለቀቀ፤ ውሃው ሲደርቅ ግን ቢጫ ክብ ጥሎ ቀረ።

በማግስቱ ጋቢው ተሠርቶ ሲያልቅ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘርግቶት እድፉን አየና አባላቱን ሰበሰበ። «ይህ አሻጥር ነው! የማን ሥራ ነው?»

በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል። ታረቀኝ መሸሻን አየው። መሸሻ ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የታረቀኝ ልጅ ለሃጭ ነው። አታዝረክርክብን ብዬ ስንቴ ተናግሬያለሁ!»

አንድም ቀን አልተናገረም።

«እውነት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

ታረቀኝ አይደለም ቢል መሸሻ መታሰሩ ነው። አንገቱን ደፋ።

«ከነገ ጀምሮ ይቺ ለሃጫም እዚህ ደጅ እንዳትደርስ! ለሃጯን እንደ ወንዝ ጠልፈህ መስኖ ልታወጣበት ነው እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። መሸሻም አብሮ ሳቀ። ታረቀኝ ውሸቱን «ፈርቶ ነው» ብሎ ይተውለት ነበር፤ ሳቁን ግን ምን ይበለው?

ከሥራ ሲወጡ፣ ታረቀኝ ልጁን አዝሎ ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን ዳገት ሲይዝ፣ መሸሻ ከኋላው ሮጦ ደረሰበት።

«ታሬ፣ ስማኝ እንጂ! እኔን እኮ ያስሩኛል። ልጅ አትታሰርም ብዬ ነው።»

«ትታሰራለች እንጂ! ነገ ከአልጋ እግር ጋር የማስራት እኔው ነኝ።»

«በቃ፣ ነገሩ በረድ ሲል ሊቀመንበሩን አነጋግርላታለሁ...»

«በየትኛው አፍህ?»

ብርቅነሽ የክርስትና አባቷን ስታይ ከአባቷ ጀርባ ላይ ሆና ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ሁልጊዜ ያቅፋታል። መሸሻ ዞር ብሎ አየ፤ የማኅበሩ ሰዎች እየመጡ ነበር። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በማግስቱ ጠዋት ታረቀኝ አሮጌ መቀነት አጥፎ ወገቧን ከአልጋው እግር ጋር አሰረው። ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ማታ ሲመለስ ልብሷ እስከ እምብርቷ ርሶ፣ አገጯ ደምቶ አገኛት። ፊቷ ቁጭ ብሎ እንድትውጥ ለመናት። ወደ ግድግዳው ዞረችበት።