ተራ ቁጥር ስልሳ አንድ

ምርጫ ሲቃረብ ለኮልፌ ሰው የሚያስብለት ይበዛል። ዘንድሮ ደግሞ ማርቆስ የሚባል የአንድ ሕንፃ ሠሪ ድርጅት ጉዳይ አስፈጻሚ ለ18 ማዞሪያ ሰፈር እድር አዲስ ድንኳን ይዞ ከች አለ። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ይገዙ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቀስተኛ በዝናብ የሚያስመታ ድንኳን ሲያስጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም።

«ለርክክቡ የአባላት ስምና ፊርማ ያስፈልገኛል» አላቸው ማርቆስ።

አቶ ይገዙ ሰውን ቤት ለቤት እየዞሩ ማስቸገር አልፈለጉም። አቶ ጉተማ የሚባሉ አባል ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላም። የእድሩ ሰው ቀብር መገኘቱን የፈረመበትን ወረቀት ኮፒ አስደርገው ሰጡት። ፊርማ ያው ፊርማ ነው ብለው ነው። የዋህ ሰው ሲቸኩል ያስፈራል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በወረዳው አዳራሽ በአንድ ረቂቅ ደንብ ላይ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠራ። ደንቡ ማዞሪያው አጠገብ ያለው ጉሊት ተነሥቶ ቦታው ለሕንፃ ይሰጥ የሚል ነው፤ ከምርጫው በፊት እንዲጸድቅም የወረዳው ሹሞች ጥድፊያ ላይ ናቸው። ሰብሳቢዋ ወረቀት ከፍ አድርጋ «መቶ አርባ የአካባቢው ነዋሪዎች ደግፈው ፈርመዋል» አለች። ማርቆስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ዝርዝሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰርኬ ዘንድ ደረሰ። ሰርኬ እዚያ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት።

«ጋሼ ይገዙ፣ ይሄ የኔ ፊርማ አይደለም እንዴ? እኔ መቼ ነው ጉሊቴ ይነሣ ብዬ የፈረምኩት?»

አቶ ይገዙ ወረቀቱን ተቀብለው ሲያዩት ክው አሉ። በገዛ ማስመሪያቸው ያሰመሩት የቀብር ወረቀት ነው፤ ከላዩ ላይ ብቻ ሌላ ርዕስ ተለጥፎበታል። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ቢናገሩ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የታመኑበት ስም በአንድ ቀን ገደል ይገባል። ፈሩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈሩ። ሰርኬ ግን አሁንም መልስ እየጠበቀች ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄ የቀብር ወረቀት ነው። ለማርቆስ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አባባ ተሳስተዋል» አለ ማርቆስ ፈገግ ብሎ። «ሁሉም በፈቃዱ ነው የፈረመው።»

«ተራ ቁጥር ስልሳ አንድን ያንብቡልኝ» አሏት ሰብሳቢዋን፣ ወረቀቱን መልሰው አሳልፈውላት።

«ጉተማ ወዬሳ።»

«ያን ቀን ጉተማን እየቀበርነው ነበር። በእድራችን ሐዘን የደረሰበት ቤት አይፈርምም፤ ቀሪ እንዳይባል ጸሐፊው ይፈርምለታል። ያ ፊርማ የኔ ነው።»

የጉተማ ባለቤት ወይዘሮ ጉዲቱ ጥቁር ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ይገዙ ወደዚያ ማየት አልቻሉም፤ ባላቸውን አፈር ከማልበስ በላይ የበደሏቸው መሰላቸው።

ወይዘሮ ጉዲቱ ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ መድረኩ ሄዱ። ከሰብሳቢዋ ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ አነሡ።

«ጉተማ በሕይወት ቢኖር የሰርኬን እንጀራ የሚቀማ ወረቀት ላይ አይፈርምም ነበር» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው እስክሪብቶውን ዘረጉ። «ይምጡ አቶ ይገዙ። የፈረሙለት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይሰርዙለት።»

አቶ ይገዙ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ሄዱ። ያሰመሩት መስመር ተንጋደደ፤ ስሙ ግን ተሰረዘ። ቀና ሲሉ ሰርኬ ከኋላቸው ቆማለች፣ ከሰርኬም ኋላ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል።