ኑግ የጠጣው ሞተር

ከአሸተን ማርያም ሥር እስከ ፍላቂት ድረስ ሞተር ለክረምት የሚያስተኛ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ወዲያ አይገኝም። ወንዶቹ ገመድ ስበው ማስጮሁን እንጂ ማስተኛቱን የት ያውቁታል።

ሞተሩ የገበሬ ማኅበራችን ነው። ቤንዚን እየጠጣ ከወንዝ ውሃ ስቦ የኅብረቱን እርሻ ያጠጣል። ጠባቂው አጎቴ ደርበው ነው። ወልድያ ወስደው አሠልጥነውት ሲመለስ፣ ስለዚያ ሞተር ሲያወራ ሚስት ያገባ እንጂ ብረት የተረከበ አይመስልም ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ከቆላ ያመጣው ወባ ጣለውና እኔን አልጋው ሥር አስቀምጦ የማስተኛቱን ሥራ በቃሌ አስያዘኝ። ቤንዚኑን ቅጂው፣ ከከረመ ሙጫ ይሆናል አለኝ። ውስጥ የቀረውን ሞተሩ ራሱ ተንተፋትፎ እስኪጠፋ ይጨርሰው። ከዚያ እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ላንጠባጥብ፤ ዘይቱ ውስጡን እንዲያዳርስና ዝገት እንዳይበላው ገመዱን ቀስ ብዬ ልሳብ፤ በመጨረሻ ካንዴላውን መልሼ በጆንያ ልሸፍነው።

ሁሉንም አደረግሁ። ዘይቱ ላይ ስደርስ ግን ጣሳው ባዶ ነው። ሊቀመንበሩን ጓድ አረጋን ብጠይቃቸው ከወረዳ እስኪመጣ ታገሺ አሉኝ። ሰማዩ መች ታገሰ፤ የማኅበሩ መጋዘን ደግሞ ያፈሳል። እኛ አገር የደረቀ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ኑግ ነው፤ ጠፍር ቢደርቅ ኑግ፣ ተረከዝ ቢሰነጠቅ ኑግ። ዘይት ያው ዘይት ነው ብዬ ከእናቴ ጠርሙስ ቀዳሁለት። እንዲያውም እንደ ክብር እንግዳ አበዛሁለት። ጨረስሁ ስለው አጎቴ መረቀኝ።

በነሐሴ ዝናቡ ቀጥ አለ። ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ቢጫ መምታት ጀመረ። ወንዙ ገና ውሃ ስላለው ሰው ሁሉ ተስፋውን ሞተሩ ላይ ጣለ። አጎቴ ገና በቅጡ ሳያገግም ተነሥቶ ገመዱን ሳበ፤ ንቅንቅ የለም። ጎረምሶቹ እየተቀባበሉ ሳቡት፣ ገመዱ ተበጠሰ። ከወረዳ መካኒክ መጥቶ ከፈተው። ኑጉ ደርቆና ጠቁሮ ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን ከሞተሩ ግድግዳ ጋር አጣብቆታል። መካኒኩ ጣቱን አሸተተና ይሄ የወጥ ዘይት ነው አለ።

ጓድ አረጋ አሻጥር ነው አሉ። በዚያ ቃል ተይዞ ወልድያ የወረደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አላየንም። አጎቴ አንዴ ብቻ ወደ እኔ አየና፣ ትኩሳት ናላዬን አዙሮት እኔው ነኝ የጨመርሁት አለ። የማኅበሩ ታጣቂዎች የኋሊት አሰሩት። ስለ እሱ የለመነ ሰው አልነበረም፤ የሁሉም ዓይን ገብሱ ላይ ነበር።

ሮጬ ፊታቸው ቆምሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱ አልጋ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግሁት። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ማንም አላዘዘኝም፣ በገዛ እውቀቴ ነው።»

«አትስሟት፣ ልጅ ናት» አለ አጎቴ።

ጓድ አረጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አራተኛ ክፍል ለአሻጥር አይበቃም» አሉኝ። «ዘወር በይ፣ መንገድ ዘግተሻል።»