የኢርያን ክር ማን ቀየረው

ታይስቶ የሚስቱን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከግድግዳው ላይ ሲያወርድ ምንም አልጠረጠረም። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ መጋገር ጀምሯል፤ ብርዱ እንዲህ ከጸና በረዶው ሳምንት ሳይሞላው ሰው ይሸከማል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ክር ይቀየራል። የዚያ ቤት ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ሚስቱ ኢርያ በአዲሱ የክር ጥቅል መሃል እርሳስ ሰክታ በሁለት እጇ ትይዛለች፣ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ክሩ የሚጠመጠምበትን የዘንጉን መዘውር ያሽከረክራል፣ ክሩ በሁለቱ መካከል ይወጠራል። "ላላ አድርጊው" ይላታል። "አንተ ቀስ በል" ትለዋለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። ታይስቶ ለሚስቱ አበባ ገዝቶ አያውቅም፤ ክሯን ሳይቀይርላት የቀረበት ዓመት ግን የለም።

መዘውሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና አየው። ክሩ አዲስ ነው። አዲስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ አረንጓዴ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ከነጩ በቀር ሌላ ክር ገብቶ አያውቅም። በመንደሩ አረንጓዴ ክር የሚጠቀም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ኤንሲዮ ነው።

ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እሱም ቁጭ አለ።

ኤንሲዮ ማለት ዕድሜውን ስዊድን አገር መኪና ሲገጣጥም ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞትበት ጡረታውን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰው ነው። ጠጉሩ አልሳሳም፣ ወገቡ አልጎበጠም፣ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። ይሄ ሁሉ አንሶ ዳቦ ይጋግራል፤ ዓሣ በሆዱ የያዘ ጥቁር ዳቦ ጋግሮ በጨርቅ ጠቅልሎ ጎረቤት ለጎረቤት ያድላል። ሚስት የሞተችበት ወንድ ዳቦ ሲጋግር የመንደር ሴት እንዴት እንደምታየው እናንተም ታውቁታላችሁ። ታይስቶ ያን ዳቦ ሲበላ እንኳ ጉሮሮውን እየተናነቀው ነው የሚውጠው፤ ደግሞ መጣፈጡ።

ነገሩ የጀመረው አምና ክረምት ነው። ኢርያ በአንድ ክረምት ሦስት ትልልቅ ዓሣ አመለጣት። ሦስቱንም ጊዜ በረዶው ላይ ቆማ፣ "ክሩ ተበጠሰብኝ" አለችው። ታይስቶ ፋብሪካውን ረገመ፣ አዲስ ክር ገዝቶ ቀየረላት። ደግሞ ተበጠሰ፤ ደግሞ ቀየረ። በሦስተኛው ጊዜ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ወንዶች ተሰብስበው ክር በስንት ጊዜ ይቀየር እያሉ ሲከራከሩ፣ እሱ መሃላቸው ገብቶ የዛሬ ክር ቆሻሻ ስለሆነ በአንድ ክረምት ሦስቴ ካልቀየሩት ዋጋ የለውም ብሎ ደመደመ። አንዱ በየስድስት ወሩ ነው አለ፣ ሌላው ሁለት ዓመት ይሄዳል አለ። ኤንሲዮ የመጨረሻውን ተናገረ፦

"በዓመት አንዴ ይበቃል፣ ቋጠሮው ደህና ከሆነ።"

ታይስቶ ቃሉን ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ከአባቱ የተማረውን ቋጠሮ ገና ትናንት ከስዊድን የመጣ ሰው ሊያስተምረው? ምን ቆርጦት?

ዘንድሮ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ የባሰ መጣ። ኢርያ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ እየወጣች መጥፋት ያዘች። የት ነበርሽ ሲላት ዳቦ አጋገር ልማር ኤንሲዮ ዘንድ ነበርኩ አለችው። ይሁን ብሎ ዋጠው። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ዳቦ ስትማር የከረመች ሴት በራሷ ምድጃ አንድም ዳቦ አልጋገረችም። ያን ልብ ብሎት ነበር፤ ቀናተኛ ሰው የማያስተውለው ነገር የለም፣ የሚያስተውለውን ነገር መፍታት ነው የሚያቅተው።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ድንቹን እየላጠ፣ ዓይኑን ከድንቹ ሳያነሳ፣ "ክርሽ አዲስ ነው" አላት።

"አዎ። ቀየርኩት።"

"ማን ቀየረልሽ?"

"ራሴ ነኝ" አለችና ፊቷ ቀላ።

ለብቻው ጥቅል ይዞ ለብቻው መዘውር የሚያሽከረክር ሰው የት አለ? እርሳሱን የያዘላት አለ ማለት ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ፣ ክሩን ላላ ጠበቅ የሚያደርግላት፣ ቀስ በይ የሚላት ሰው። ታይስቶ ሚስቱን ከዚያ ሰው ጋር በአንድ አልጋ ቢያስባት እንኳ እንደዚያ ባላቃጠለው ነበር። ድንቹን ከነልጣጩ ትቶ ተነሳ።

ክረምቱ እንዲህ እህህ ሲል አለፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ሰዎች፤ እሱ ግን ላሚቱ የዋለችበትን መስክ በዓይኑ አይቶታል፣ ወይም አይቻለሁ ብሏል። በረዶው ላይ ሲወጡ ኢርያ በአረንጓዴው ክር አንዱን ዓሣ በአንዱ ላይ ታወጣለች፣ አንድም አያመልጣት። ይሄ ይባስ አንጀቱን አሳረረው። የሱ ክር ሦስቴ የተበጠሰባት ሴት በሌላ ሰው ክር ክረምቱን ሙሉ ታወጣለች! በየቀኑ ለሱ የሚሰማው ይሄው ነው፤ ያ ሰው ካንተ ይሻላል።

መጋቢት ላይ ፀሐይ ስትበረታና በረዶው ገና ወፍራም ሳለ የመንደሩ የማጥመድ ውድድር ይደረጋል። በውድድሩ ዋዜማ ኢርያ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን፣ ልታሞቅ ወደ ጓሮ ወጣች። ታይስቶ ዘንጓን አነሳ። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ይንተከተካል። የክሩን ጫፍ፣ ከመንጠቆው በላይ ያለውን ክንድ የሚያህል፣ በትኩሱ የማንቆርቆሪያ ሆድ ላይ እየሳበ አስነካው። ናይሎን እንዲህ ሲደረግ አይቀልጥም፣ ጉልበቱ ግን ያልቃል፤ ዓሣ አስጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ ጭምድድ ቢል ነው። መልሶ ጠቀለለውና ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ይበጠስባት። ሰው ሁሉ እያየ ይበጠስባትና ያ ዳቦ ጋጋሪ ምን ዓይነት ክር እንደሰጣት ትየው። ከዚያ ወደ ነጩ ክር ትመለሳለች፣ ወደ ጠረጴዛውም ትመለሳለች። እንዲህ አሰበ። ሳውና ገብቶ ከሚስቱ ጎን ሲቀመጥ ግን ጀርባዋን ማየት አቃተው፣ ሙቀቱ በዛብኝ ብሎ ቶሎ ወጣ።

በማግስቱ ሐይቁ ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጣ። እያንዳንዱ በረዶው ላይ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ቆፍሮ ዱካው ላይ ቁጭ አለ፤ ወሬ የለም፣ በውድድር ቀን ወሬ ነውር ነው። ታይስቶ ከኢርያ ብዙም ሳይርቅ ተቀመጠ፣ ኤንሲዮ በሰማያዊ ቆቡ ራቅ ብሎ ይታያል። ረፋዱ ላይ የኢርያ ዘንግ ጫፉ ውኃ እስኪነካ ጎበጠ።

ቀስ ብላ ሰጠችው፣ ቀስ ብላ ሳበችው። ጥንቅቅ አድርጋ ነው የምትሠራው። ጎረቤት ያሉት ዘንጋቸውን እየጣሉ መጡ፣ በቀዳዳው ዙሪያ ክብ ሠሩ። ዓሣው ከታች ብቅ ሲል አንዱ ሽማግሌ የጌታ ያለህ አለ፤ ራሱ ብቻ ቀዳዳውን ሞላው። ኢርያ በጉልበቷ ተንበርክካ ጓንቷን አወለቀችና እጇን ወደ ውኃው ሰደደች። ታይስቶ በዚያች ቅጽበት እንዳይበጠስ ተመኘ፤ እውነቱን ነው፣ ከልቡ ተመኘ።

ክሩ ተበጠሰ። የዓሣው ራስ ወደ ጥቁሩ ውኃ ተመለሰና ጠፋ።

ኢርያ እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረች። ኤንሲዮ ከማዶ መጥቶ አጠገቧ አጎነበሰ፣ የክሩን ጫፍ አንስቶ በጣቶቹ መካከል አሳለፈው፣ ወደ ዓይኑ አቀረበው። የተጨማደደውን አየ። ቀና ብሎ ታይስቶን አንዴ አየው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከስዊድን ያመጣሁት ያረጀ ጥቅል ነበር፤ ሳላየው ሰጠኋት።"

ሰዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ የስዊድን ክር እንደ ስዊድን ሰው ነው፣ ሲስቁለት ይበጠሳል አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ኤንሲዮ ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ ስድቡን ተቀበለ።

ታይስቶ ክረምቱን ሙሉ የተመኘው ይሄንኑ ነበር። ያ ሰው በአደባባይ ሲዋረድ፣ ክሩ ሲሳቅበት። ይኸው ሆነለት፤ ግን አልጣመውም። ሰውየው አውቆ ነው የሸፈነለት። ኢርያ ደግሞ በኤንሲዮ በኩል እንኳ አልዞረችም፣ ታይስቶን ብቻ ነው የምታየው፤ አትቆጣም፣ ትጠብቃለች። ዝም ካለ ይሄ ነገር በመካከላቸው እስከ መቃብር እንደሚተኛ ገባው።

"ኤንሲዮ አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ። ትኩስ ማንቆርቆሪያ አስነካሁት።"

ሰዎቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አንድ በአንድ ዓይናቸውን እየሰበሩ ወደየቀዳዳቸው ተበተኑ። ሦስቱ ቀሩ። ኢርያ እጇን ጉያዋ ውስጥ ወሽቃ እያሞቀች ተነሳች።

"አምና የተበጠሰ ክር አልነበረም" አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሦስቱም ጊዜ የተፈታው ቋጠሮው ነው። ያንተ ቋጠሮ። ጣቶችህ አልታዘዝ ካሉህ ቆይተዋል፣ አንተ ብርዱ ነው ትላለህ። ታዲያ ምን ልበልህ? ክሩ ተበጠሰ አልኩህ። አንተም ትገዛለህ፣ ትቀይራለህ።"

ታይስቶ እጁን አየ። ጓንት ውስጥ ነበር፣ ቢሆንም አየው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለሁለቱም ይሠራል፤ እሷ ለሱ ብላ ሸፈነች፣ እሱ ያንን ሽፋን ገልጦ ሌላ ሰው አገኘበት። ግን ከአፉ የወጣው ይቅርታ አልነበረም።

"ለሱ ነገርሽው" አላት። "ለኔ ሳትነግሪኝ፣ ለሱ።"

"ቋጠሮ ማን ያስተምረኝ? አንተን ልጠይቅህ?" አለች። አሁን እንባዋ መጣ። "አዎ፣ እርሳሱን የያዘልኝ እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያንተንም መንጠቆ በድብቅ እየፈታሁ የምቋጥረው እኔ ነኝ።"

ታይስቶ ወደ ዘንጉ ዞሮ መንጠቆውን ከውኃው አወጣና አየው። ቋጠሮው ትንሽና ጥብቅ ነበር፤ የሱ አልነበረም። በዚህ ክረምት ያወጣቸው ዓሣዎች፣ ሱቅ በር ላይ የፎከረባቸው፣ ሁሉም በዚያ ቋጠሮ ላይ ነበር የወጡት። ዘንጉን ወደ እሷ ዘረጋ። ገና ጊዜ አለ፣ የኔን ውሰጂ አላት።

አልወሰደችም። ኤንሲዮ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ትርፍ ዘንግ እንዳለው ተናገረ። ኢርያ አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ ተከተለችው። ሁለቱ በረዶው ላይ ጎን ለጎን ሄዱ፣ እሱ ዱካ አቀረበላት፣ እሷ ተቀመጠች፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ተክሎ በጎን ያያል። ታይስቶ ክረምቱን ሙሉ በዓይነ ኅሊናው ሲያየው የነበረውን አሁን በዓይኑ አየው። የላካት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ራሱ ነው። እግሩ ወደ ቤት ሊወስደው ፈለገ፣ ቤት ሄዶ በሩን ዘግቶ ሊተኛ።

ኢርያ ዱካዋ ላይ አንጥፋ የተቀመጠችበትን የአጋዘን ቁርበት ረስታው ሄዳለች። ያለሱ ወገቧን ይይዛታል፣ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች፤ ይህን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ኤንሲዮም አያውቅም። አነሳው፣ በረዶውን አራገፈና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወደ ኤንሲዮ ቀዳዳ አቀና። መንገዱ ረዘመበት፣ ጆሮው ጋለ፣ አንዱ ከኋላው ሲስቅም ሰማ።

ደረሰና ከጀርባዋ ቆመ። ኢርያ ዓይኗን ከዘንጓ ጫፍ አላነሳችም፤ ዞር ብላም አላየችው። ቁርበቱን እንዲያነጥፍላት ግን ከዱካው ትንሽ ብድግ አለች።