ሃያ አንዱ ሸክላ

ጋሽ ተገኘ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ በተከፈተው አዲስ ካፌ ማኪያቶ ይዘው ተቀምጠዋል። ከሸክላ ማጫወቻው የሚሰማው ትራምፔት ድንገት ተደነቃቀፈና አንዷን ቃና ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አለፈ። ክው አሉ። ያቺን ጭረት ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በወጣትነታቸው መርፌውን ሲያነሱ እጃቸው ስቶ።

ተነስተው የሸክላውን ሽፋን ገለበጡት። «ተገኘ፣ 1965» ይላል፣ በገዛ እጅ ጽሑፋቸው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ጌታን ሲቀበሉ፣ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነው አብሮ አደጋቸው ሚክያስ፣ «ዓለማዊ ዘፈን ቤትህ አይደር። አንተ ልብህ አይጨክንም፣ እኔ አቃጥልልሃለሁ» ብሎ ሃያ አንዱንም የሮክና የጃዝ ሸክላ በጋሪ ጭኖ ወሰደ። በማግስቱም «አመድ ሆኗል፣ ሃሌሉያ!» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቤት እንኳ ዘፈን ከተከፈተ ጋሽ ተገኘ ምግባቸውን ትተው ይወጣሉ።

«ከየት አመጣሽው?» አሏት የካፌዋን ባለቤት፣ የሚክያስን ልጅ ሐዳሳን።

«የአባዬ ናቸው፣ ጋሼ። ልጆች ሆነን በሩን ዘግቶ ሲሰማ በቀዳዳ እናየው ነበር። አሁን ጆሮው ስለደከመ ሁሉንም ለእኔ ሰጠኝ።»

ጋሽ ተገኘ ሽፋኑን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ሚክያስ በየዓመቱ መድረክ ላይ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ዘፈናቸውን እንዴት ለእሳት እንደሰጡ እያለቀሱ ይመሰክራሉ። ባለፈው እሁድም መስክረዋል። ታዲያ ከጉባኤው ሁሉ አስበልጦ «አሜን!» ብሎ የጮኸው ማን ሆነና? ሚክያስ!