መኪና ሲያልፍ የሚዘመር

"እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ ወይዘሮ ብርቅዬ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት" አለ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ አምሳሉ፣ ወረቀቱን በብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ዘርግቶ።

ብርቅዬ እስክሪብቶውን ተቀበለች እንጂ አልፈረመችም። ወረቀቱ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው የሰፈሩ መንገድ አሸዋ ጫኝ መኪናዎች አይለፉ፣ በርሜል ቆሞ እግረኛና ብስክሌት ብቻ ይለፍ ይላል። የስኳር ወረፋ እንኳ በወጉ ማስከበር ያቃተው ቀበሌ ዛሬ ከየት መጥቶ ለእግረኛ አዘነ?

"እሁድም ጭምር ነው?"

"እሁድማ ዋናው! በርሜሉ ጋ አብዮት ጠባቂ እናቆማለን። እሁድ እሁድ አጥርዎን ተደግፎ ስድስት ብስክሌት አያለሁ፤ እንግዶችዎ አቧራ ሳይቅሙ ይመጣሉ።"

ብርቅዬ ክው አለች። "ዘመዶቼ ናቸው።"

"ዘመድ መብዛቱ ደግ ነው" አለ አምሳሉ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው አልጣማትም።

ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ እሁድ ጠዋት የሚሰበሰቡት በእሷ ጓዳ ነው። ሽማግሌው ጋሼ ኩማ መስኮቱ ሥር ጆሯቸውን ጥለው፣ መኪና ሲመጣ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ያኔ ይዘምራሉ። መኪናው ሲርቅ ዝም። በሦስት ዓመት አንድም መዝሙር እስከ መጨረሻው ዘምረው አያውቁም። መንገዱ ጸጥ ካለ ግን መላው አዋሳ ይሰማቸዋል።

"አንዴ ይጠብቁኝ" ብላ ገባች። ስለ እሁድ ሊነጋገሩ የመጡት ጋሼ ኩማ ከበሩ ጀርባ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

"እንዳትፈርሚ ልጄ። ለእግረኛ አዝነው አይደለም፤ እኛን ሊያዳምጡ ነው።"

"ካልፈረምኩስ? ልጅ ያላት እናት ስለ ምን መኪና ወደደች አይሉኝም?"

ሳይመልሱላት የመኪና ጩኸት ቤቱን አናወጠው። ልጇ ታቢታ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ነው፤ ባለፈው ወር የጎረቤታቸውን የሽታዬን እግር የሰበረው እንዲህ ያለው መኪና ነበር። ብርቅዬ ሮጣ ወጣች። የሰባት ዓመት ልጇ ደብተሯን አቅፋ ወደ ቦዩ ስትዘል አየቻት፤ ወዲያው አቧራው ዋጣት። አቧራው ሲገለጥ ታቢታ ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብላ አንድ ጫማዋን ትፈልጋለች።

ብርቅዬ ወደ ብስክሌቱ ሄዳ ፈረመች።

"እንግዲህ እሁድ ጸጥ ያለ ነው" አለ አምሳሉ ወረቀቱን አጥፎ፤ ደወሉን አቃጭሎ ሄደ። ሊያስጠነቅቃት ይሁን ሊያስፈራራት አልገባትም።

"እሁድ እንቅር ታዲያ?" አሉ ጋሼ ኩማ ከበሩ ላይ።

"ሁሉም ይምጡ። ብስክሌቶቹን ብቻ ግቢ ያስገቡ" አለች፣ የታቢታን ጫማ እያራገፈች።

"መኪና ከሌለ በምን ተከልለን እንዘምራለን?"

"ሳንከለል ነዋ፣ ጋሼ። አንዷን መዝሙር እስከ መጨረሻዋ እንዘምራታለን።"