አንድ ሣጥን፣ ሁለት ሰፈር

"ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ ነው ያልኩሽ!" አሉ አባቷ ከደጃፋቸው ሆነው፣ በደህናው እጃቸው እያመለከቱ።

ልጃቸው ከመንገዱ ዳር ቁጢጥ ብላ የሜትሩን ጫፍ ይዛለች፤ የብረት ሣጥን ሊሠራ የመጣው በያጅ ሌላውን ጫፍ ስቦ ልኩን ወረቀት ላይ ይጽፋል። እሷ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ክፍል ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቱ ከዋናው ሕንፃ ርቆ የሚተከል የመጽሐፍ መመለሻ ሣጥን ሊያሠራ ነው፤ ወፍራም ላሜራ፣ ዝናብ የማያስገባ አፍ፣ ሁለት ቁልፍ። አንባቢው ያነበበውን እዚያው ሰፈሩ ጥሎ ይሄዳል፣ ሹፌሩ በየማለዳው ይሰበስባል። የተፈቀደው ግን አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ከዚህ ከዳገቱ ሰፈርና ከክር ፋብሪካው ሰፈር የትኛው ጋ ይተከል የሚለው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይወሰናል፤ ጥናቱን ያዘጋጀችው እሷ ናት።

አባቷ ምርኩዛቸውን እየተከሉ አጠገቧ ደረሱ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አርባ ሁለት እርምጃ! አንዴም አልቆምኩም።"

"አባዬ፣ ገና አልተወሰነም እኮ።"

"ጥናቱ የማን ሆነና! ዓመት ሙሉ መጽሐፌን በአንቺ እጅ እየላክኩ ኖርኩ፣ ልክ እንደ አልጋ ቁራኛ። ከእንግዲህ በገዛ እጄ ነው የምመልሰው። ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ።"

በያጁ ሳቀ። እሷ ግን ሳቁ አልመጣላትም። አባቷ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ ታክሲ መሳፈር አይሆንላቸውም። ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም፤ የሰፈሩን ጡረተኞች አንድ በአንድ አግባብተው የቤተ መጻሕፍቱ አባል አደረጓቸው። ይህን ሁሉ ስታስብ ሆዷ ይባባል፤ ከማለዳ ጀምሮ የሚጎረብጣት ነገር ግን አልለቀቃትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ ቢሮ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ኃላፊዋ፣ ሹፌሩና እሷ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አጥልቀው ጥናቱን አነበቡ።

"ከዳገቱ ሰፈር አርባ ሰባት አንባቢ፣ ከክር ፋብሪካው አርባ አንድ። ሁለቱም ከእኛ እኩል ይርቃሉ። እንግዲህ ዳገቱ በለጠ ማለት ነው። ልፈርም?"

"አንዴ፣ እሜቴ" አለ ሹፌሩ። በሰው ነገር ጥልቅ የሚል ሰው አልነበረም፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። "ለእኔ መንዳት መንዳት ነው፤ የትም ቢተከል ግድ የለኝም። ግን እነዚያ የፋብሪካ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ እኛ ዘግተናል፤ እኛ ስንከፍት እነሱ ማሽን ላይ ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዷ መጽሐፉን በመኪናዬ መስኮት ወርውራልኝ ሄደች። አዘግይተሻል ተብላ ታግዳለች። 'ከእንግዲህ ማንበብም ይቅርብኝ' ነው ያለችኝ።" ወደ እሷ ሳያይ ጨመረ፦ "ደግሞ... የአባትሽ ቤት ዳገቱ ላይ አይደል?"

ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት። ኃላፊዋ ብዕራቸውን እንደያዙ መልሷን ጠበቁ።

"ነው" አለች።

ይህን ብላ ብትተወው ማንም አይከሳትም። አንድ ሰው እንኳ በሐሰት አልጨመረችም፤ አርባ ሰባቱም በስምና በመታወቂያ አሉ። ስም ዝርዝሩን ወደ ራሷ ሳበች። የአባቷን ስም አየች። ከስማቸው በታች አሥሩ ጓደኞቻቸው። እስከ ዛሬ አንዳቸውም አዘግይተው አያውቁም። እንዴትስ ያዘገያሉ? በየሳምንቱ አርብ መጽሐፋቸውን በፌስታል ተሸክማ የምታመላልሰው እሷው ናት።

"ይቀነስልኝ" አለች።

"ምኑ?"

"አሥራ አንዱ። አባቴና ጓደኞቹ ናቸው። እነሱ ሣጥን አላቸው፤ ሣጥናቸው እኔ ነኝ።"

ኃላፊዋ በጣታቸው ቆጠሩ። "ሠላሳ ስድስት ይቀራል። ታዲያ ፋብሪካው ሊበልጥ ነው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ያስገደደሽ የለም። ቁጥርሽ ውሸት አልነበረውም።"

"ውሸት የለውም፣ እሜቴ። ግን እያወቅሁ ነው የደመርኳቸው።"

ኃላፊዋ ለአፍታ አይተዋት ለፋብሪካው ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። "አባዬ" ይላል። እስኪያቆም ድረስ በእጇ ይዛው ቆመች። በዓይኗ የመጣው ጥናቱ ላይ የነበረው ቁጥር አልነበረም፤ አባቷ ትንፋሽ እያጠራቸው ያሳዩት ደስታ ነበር። ስልኩ ዝም አለ፣ ደግሞ ጀመረ።

ግቢው ውስጥ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቃት። ፊቱ ላይ ያሸነፈ ሰው ገጽታ አልነበረም።

"በያጁን ልክ እንዲወስድ ፋብሪካው በር ቀጥሬዋለሁ፣ እንሂድ?"

"መጀመሪያ ዳገቱ ጋ ጣለኝ።"

"አሁን እየደወሉልሽ አይደል? በስልክ ብትነግሪያቸው አይቀልም?"

"ለእኔ ይቀላል" አለች።

ከአባቷ ደጃፍ ሲደርሱ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ።

"ልጠብቅሽ?"

"ሂድ፤ ቁጭ ብዬ ነው የምነግረው" አለችና ወርዳ በሩን ዘጋችው።